የናቅፋ ዝርዝር ሳንቲሞች

የኤርትራን ሳንቲሞች እንደምሰበስብ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ምንም አያወጣም። ኒኬል የተለበጠ ብረት ነው፤ ማግኔት ስታስጠጉት ይለጠፋል። ትልቁ ባለ 100 ነው፣ ማለትም አንድ ናቅፋ። እኔ አጥብቄ የምፈልገው ደግሞ ትልቁን እንኳን አይደለም፤ ባለ 1ን፣ ባለ 5ን እና ባለ 10ን ነው።

አዲስ አገር ገንዘብ ሲያወጣ ትልቁ ኖት ነጋዴውና ባንኩ ጋ ይከርማል። ትንሿ ሳንቲም ግን እናቱ ሱቅ የላከችው ልጅ እጅ ድረስ ትደርሳለች። መንግሥት ለዜጋው ሁሉ ሊል የፈለገውን ማወቅ የፈለገ ሰው እሷን አገላብጦ ይያት።

የኤርትራዋ ባለ 1 ሳንቲም ላይ የሜዳ ፍየል አለች። ባለ 5 ነብር፣ ባለ 10 ሰጎን፣ ባለ 25 የሜዳ አህያ፣ ባለ 50 አጋዘን፣ ባለ 100 ዝሆን ከግልገሏ ጋር። እኔ ጋ ያለው ባለ 5 ከብዙ እጅ ያለፈ ነው፤ የነብሩ ነጠብጣብ ተፍቆ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። ስትገለብጧቸው ግን ስድስቱም አንድ ናቸው፦ ባንዲራ የሚያነሱ ታጋዮች፣ በዙሪያቸው በእንግሊዝኛ ነጻነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ። የመሪ ፊት የለም። ጋና ነጻ በወጣች ማግስት፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ሳንቲሞች ላይ የንክሩማ ምስል ነበር፤ በ1966 ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀጣዩ እትም ምስላቸውም ወረደ። ኤርትራ በዚህ ረገድ የተሻለ መርጣለች ብዬ አምናለሁ። የተጻፉት ሦስት ቃላት ምን ያህል እንደተፈጸሙ ግን የሚመሰክሩት ኤርትራውያን ራሳቸው ናቸው።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ግን የገንዘቡ ስም ራሱ ከባድ ነው። ናቅፋ በ1974 ዓ.ም. የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሊያስለቅቃት ያልቻለው የሳህል ከተማ ናት። ለነሱ የጽናት ስም ነው፤ እዚህ ላሉ ስንት ቤተሰቦች ደግሞ ልጃቸው የቀረበት ተራራ ነው። ያንን ስም በገንዘብ ላይ ማየት ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

በሳንቲሞቹ ላይ ያለው ዓመት 1997 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራ ላይ የዋሉት በኛ 1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከ1985ቱ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ በኋላም ቢሆን፣ አስመራ ላይ የሚሠራው የኛው ብር ነበር፤ ገበሬው በበሬ የሚያርስባት ባለ 1 ሳንቲም፣ ኒያላዋ ባለ 10፣ ስሙኒውና ሽልንጉ ሁሉ። ናቅፋ ሲመጣ አስመራ ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ለአንድ፣ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ፈለገች። አዲስ አበባ ንግዱ በዶላርና በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ይሁን፣ ከዚያ ውጪ የሚፈቀደው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንበር ንግድ ብቻ ነው አለች። በዚያው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ጦርነት ውስጥ ነበርን። የጦርነቱ መንስኤ ገንዘብ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ሳንቲሞቹና ጦርነቱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ከአእምሮዬ የማይወጣውም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ድንበሩ ለሃያ ዓመት ገደማ ተዘጋ። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የአስመራ በረራ ሲጀመር፣ ዘመዶቻቸውን አይተው የተመለሱ ሰዎች ኪስ ውስጥ እነዚህ ዝርዝሮች ነበሩ። ያኔ ያገኘኋቸውን ከኛዎቹ ጋር ጎን ለጎን ነው የማስቀምጣቸው፤ የኛን ኒያላ ከነሱ ሰጎን አጠገብ፣ ሁለቱም ባለ 10።

እባካችሁ፣ አስመራም፣ መቀሌም፣ አዲስ አበባም ሆነ በስደት ያላችሁ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የናቅፋ ሳንቲም ወይም ያኔ አስመራ የዞረ የኛ ሳንቲም ካላችሁ አትጣሉት። ለኔም አትስጡኝ። ማን ይዞት እንደነበረ፣ የት ከተማ ምን እንደተገዛበት አዛውንቶቻችሁን ጠይቃችሁ በቁራጭ ወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡት።