የሳልፎርድ ደጃፍ

በእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር ጎን ወዳለችው ወደ ሳልፎርድ በሄድን ጊዜ ያስተናገደን ወዳጃችን በ1904 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የተመረቀውን የወጣቶች ማኅበር ቤት አሳየን። የቀይ ጡብ ቤት ነው፤ ለዓይን የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጡ ጐልማሶች ተራ በተራ በደጃፉ ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ አይተን ምክንያቱን ጠየቅን። ስሚዝስ የተባሉት፥ ከ1982 እስከ 1987 አብረው የተጫወቱት አራት የሮክ ሙዚቀኞች በዚሁ ደጃፍ ፎቶግራፍ ተነሥተው ነበርና ነው። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ይህን ስም ወዶ የሚመርጥ ማን ነበር? ሸክላቸውንም ያወጣላቸው ራፍ ትሬድ የተባለ፥ ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ያልተጠጋ ትንሽ ድርጅት ነው።

ማታ ወዳጃችን በ1985 የወጣውን ሸክላቸውን አሰማን። ጩኸት ጠብቀን ነበር፤ ጊታሩ ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ሆነ። ቃሉን ሲተረጕምልን፥ የመጀመሪያው ዘፈን የማንቸስተር መምህራን ተማሪዎችን ይደበድቡ የነበረበትን ጭካኔ የሚከስ ሆኖ አገኘነው። በዓመቱ በ1986 የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን መምታት እንዲቀር 231 ለ230 ወሰነ፤ በአንድ ድምፅ ብቻ! ዘፈኑ ይህን አደረገ አንልም።

እኛም አለንጋና የበርበሬ ጢስ ያሳደገን ነን፤ «ተግሣጽ ነው» እያልንም ለልጆቻችን አውርሰናል። ዘፈኑ ሲያልቅ ድገመው አልነው። በማግሥቱ ወደ ቤታችን ስንጽፍ፥ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው አለንጋ እንዲወርድ አዘዝን።