መዝገቡ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ወላይታ ሶዶ አብረው ሥራ የጀመሩ ሁለት ልጆች ሱቄ መጡ። ሒሳባቸውን በኢንተርኔት ከሚይዙ ድርጅቶች የትኛው እንደሚሻል ሊያማክሩኝ ነው። ዋጋ አወዳድረው፣ በወረቀት ጽፈው ይዘዋል። እኔ ግን «ነገ ከድርጅቱ ብትለያዩ መዝገባችሁን እንዴት ትወስዳላችሁ?» አልኳቸው። ተያዩ። ዋጋውን እንጂ ይህን አላሰቡትም ነበር። እኔም በጊዜዬ አላሰብኩትም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሒሳቤን አዲስ አበባ ላለ አንድ ቢሮ ሰጥቼ ነበር። ደረሰኝ ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም እልካለሁ፣ እነሱ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ይመዘግባሉ፣ ቫቱንም ያሳውቁልኛል። ሥራቸው ጥሩ ነበር፤ አልክድም። የግብር ማሳወቂያ ጊዜው የሚያበቃበት ጥቅምት 30 ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ግን ስልካቸው አልነሳ አለ። መዝገቡ በእነሱ ኮምፒውተር፣ የግብር ማሳወቂያው የይለፍ ቃል በእነሱ እጅ። ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሌሊት ደረሰኝ ወለሉ ላይ ዘርግተን ስንለቅም አነጋን። ከካሽ ሬጅስተር የወጡት ብዙዎቹ ጽሑፋቸው ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሆነው ነበር። ያ ወረቀት ሙቀትና ጊዜ አይችልም። ባለቤቴ አንዱን ወደ አምፖሉ አስጠግታ ቁጥሩን ለማንበብ ስትታገል ያየሁትን ፊቷን አልረሳውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤንች የሚባለው የካናዳ ድርጅት በሺዎች ለሚቆጠሩ የአሜሪካ ትንንሽ ንግዶች ሒሳብ ይይዝ ነበር። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 27 ቀን 2024 በድንገት ተዘጋ። ከቀናት በኋላ ሌላ ድርጅት ገዛው፤ ደንበኞቹ ግን ዓመቱ ሊያልቅና የግብር ወቅት ሊገባ ሲል በጣም ተጨነቁ።

በእኛ ሕግ ተጠያቂው ደግሞ ነጋዴው ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዱን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲይዝ ያዛል። ኦዲተር ሲመጣ «ሒሳብ ሠራተኛዬ ጋ ነው» ማለት አያድንም። መዝገቡ ውጭ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይዘን እንቀርባለን? በሰኔ 2012 መጨረሻ መላ አገሪቱ ለሳምንታት ኢንተርኔት ተቋርጦባት እንደነበር የምንረሳው አይደለም።

ሌላው ዘመን አቆጣጠሩ ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8። የውጭው ሶፍትዌር ወሩን ከጁላይ 1 ከጀመረላችሁ የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ሽያጭ ወደ ሐምሌ ይገባል፣ የሁለት ዓመት ሒሳብ ይደባለቃል። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም።

እናቶቻችን ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በጋራ ቅቤ ሲቆጥቡ አይቼ ነው ያደግሁት። ማን ስንት እንዳስገባች ሁሉም ያውቃል። ያዥዋ ብትታመም ወይም ብትሄድ ሌላዋ ትቀጥላለች፣ በዓሉ ያለ ቅቤ አይውልም። እኔ ከሒሳብ ድርጅት የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ሙሉ መዝገቡ በኤክሴል በእጄ ይግባ፣ የይለፍ ቃሉ በእኔ ስልክ ይሁን፣ የደረሰኙ ቅጂ ሱቄ ውስጥ ይቀመጥ። ይህን በውል ለመጻፍ የሚያመነታውን፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አልመርጠውም።

ልጆቹ ለሁለት ድርጅቶች የሐምሌን ደረሰኝ ለሙከራ ሰጥተው ፋይሉን እንዲልኩላቸው ጠየቁ። አንደኛው «ሲስተማችን ውስጥ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ» አለ። ሁለተኛው ትናንት ማታ ላከ። ሱቄ ውስጥ ሦስታችን አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ከፈትነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው ቀን ሐምሌ 1 ነው።