ምግቡ ያለው ከላይ ነው

ስለ አማዞን ስናወራ አንድ የዶርም ጓደኛዬ «ይሄ ሁሉ ዛፍ የበቀለበት መሬት ቢታረስ እኮ ዓለምን ይቀልብ ነበር» አለ። ቅጠሉን ብቻ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ሥሩንም አይቶ ይፍረድ ባይ ነኝ።

አብዛኛው የአማዞን አፈር በጣም ያረጀ ነው። ዝናብ ለረዥም ዘመን ሲያጥበው ካልሲየሙና ፖታሲየሙ ተጠርጎ ሄዷል፤ የተረፈውን ጥቂት ፎስፈረስ ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም ጨምድደው ይዘውታል። ታዲያ ዛፉ ሥሩን ወደ ጥልቀት ቢሰድ ምን ያገኛል? ምግቡ ያለው ከላይ፣ በወደቀው ቅጠል ውስጥ ነው። ስለዚህ ክር የሚያህሉት ቀጫጭን ሥሮች ገጹ ላይ ይርመሰመሳሉ። (በየፎቶው የምናያቸው እንደ ክንፍ የተዘረጉት ትልልቅ ሥሮች ዋና ሥራቸው ግንዱን መደገፍ ነው።)

በቬኔዝዌላ፣ ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ባለችው ሳን ካርሎስ አካባቢ እነዚህ ሥሮች ተጠላልፈው መሬቱ ላይ እንደ ፍራሽ የወፈረ ምንጣፍ ሠርተዋል። ኔሊ ስታርክ እና ካርል ጆርዳን የተባሉ ተመራማሪዎች ምንጣፉ ላይ ጨረር አመንጪ ካልሲየምና ፎስፈረስ ረጭተው ወደ ታች የሚያልፈውን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳተሙት 99.9 በመቶው እዚያው ቀረ። እንዲህ ያለ ቆጣቢ አይቼ አላውቅም! በእርግጥ ሥሩ ብቻውን አይደለም፤ ማይኮራይዛ የምንላቸው ፈንገሶች ፎስፈረሱን እየለቀሙ ያቀብሉታል፣ በምትኩም ስኳር ይቀበላሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሮበርት ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ጽሑፍ ነው። እዚያው ሳን ካርሎስ አንዳንድ ሥሮች ወደ ላይ፣ የጎረቤት ዛፍ ግንድ ይዘው ይወጣሉ! ሥር ወደ መሬት ስበት ያድጋል ብለን የሸመደድነው ሁሉ እዚህ አይሠራም። በግንዱ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውኃ ይዞት የሚመጣውን ንጥረ ነገር መሬት ሳይነካ ይቀበሉታል ማለት ነው።

ደኑ ተቆርጦ ሲቃጠል አመዱ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ ፎስፈረሱ ለጊዜው ይለቀቃል፤ ሰብልም ይበቅላል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አሲድነቱ ሲመለስ ፎስፈረሱ እንደገና ይታሰራል። የአገሩ ገበሬዎች ይሄን ስለሚያውቁ ትንሽ መሬት መንጥረው፣ ጥቂት ጊዜ አርሰው ለደኑ ይመልሱታል፤ ደኑም ያገግማል። በቡልዶዘር የተጠረገ መሬት ላይ ግን ምንጣፉ ራሱ ተገፍፎ ስለሚሄድ፣ የሚመጣው ዛፍ የሚጀምረው ከባዶ አፈር ነው።