ቁጣውን ከማብረድ በፊት

በአንጀት ውስጥ ምግብን ከሰውነት የሚለየው ሽፋን የአንድ ረድፍ ሕዋስ ያህል ብቻ ነው፤ ከጀርባው ግን የበሽታ መከላከያ ዘብ ይቆማል። በክሮን በሽታ ይህ ዘብ ልኩን አልፎ የገዛ ቤቱን ያቃጥላል። ሐኪሙም በስቴሮይድ፣ ወይም ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ በሚያግድ መድኃኒት ያበርደዋል።

መተማ ላይ ግን ማብረዱ ራሱ አደጋ አለው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ወጣት በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት፣ በግራር ሥር ያድራል፤ የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። በዚያ የገባ የካላዛር ተህዋስ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ አፍነው ከሚይዙት አንዱ ያው ቲኤንኤፍ ነው። ለቲቢም እንዲሁ። በባዶ እግር የሚገባው ስትሮንጊሎይደስ የተባለ ትል ደግሞ አንጀት ውስጥ ራሱን እየተካ አሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ስቴሮይድ ሲያገኝ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል።

የአንጀት ቲቢ ከክሮን ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ምርመራውም ያሳስታል። ስለዚህ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ለመጣ ወጣት «ስንት መኸር ወረድህ? የት ታድር ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከማዘዣው ይቀድማል። ትሉን የሚያጠፋው አይቨርሜክቲንም ለመተማ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በኦንኮሰርኪያሲስ ዘመቻ ሲታደል ኖሯል።