ሶፋው የዋጠው ወርቅ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትልልቅ ስፒከር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከቡፌ ጋር ነው። የእኛ ቤት ቡፌ ደግሞ የእማዬ ስለሆነ አይነካም። ስፒከሮቹ ከሶፋው ጀርባ፣ ጥግ ጥጉን ገቡ። ከቡሬ ገጠር የመጣው አጎታችን ይሁኔ በላይን ከፍተንለት ትንሽ አዳመጠና «ከበሮውማ እኛም ጋ አለ፤ ግጥሙ የታለ?» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 3.4 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሶፋን ዞሮ ያልፋል፤ ጥጉ ደግሞ ያጎላዋል። የ10,000 ኸርዙ 3.4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና ሶፋው ውጦ ያስቀረዋል። «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለይልን ግን ይኸው ቀጭኑ ድምፅ ነው። በጎጃም ደግሞ ቃል ከጠፋ ሰሙም ወርቁም የለም።

ሶፋውን ገፋን። ስፒከሮቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀን በርጩማ ላይ አወጣናቸው፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ሆነች። ቡፌው ንቅንቅ አላለም። አጎታችንም ከእኛ ቀድሞ ወርቁ ላይ ሳቀ።