ክንፍ የሌለው ዓሣ

ጥሩ የበግ አንገት ሥጋ በሲባጎ ታስሮ ድፍርስ ኩሬ ውስጥ ሲወረወር ቆሞ ማየት ለሐበሻ ከባድ ነው። «ይኼ እኮ ቅቅል ይወጣዋል» ብዬ ለማስጣል ሞክሬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

ቦታው ከሜልበርን ወደ ሰሜን ምዕራብ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ስዋን ሂልን አልፈን፣ ማሊ በሚባለው ደረቅ አገር ነው። የሥራ ባልደረባዬ አባት እርሻ ላይ ድንኳን ተክለናል። የፈረንጆቹ ገና አልፏል፤ የእኛው ገና፣ ገና ነው። እኔ «አውትባክ ገባሁ» እያልኩ ፎቶ ስልክ፣ ሽማግሌው አውትባክ ከዚህ ብዙ ይርቃል ብለው ይስቁብኛል። ለእኔ አስፋልት ካለቀ በቂ ነው።

የሲባጎው ሌላ ጫፍ ዳር ላይ ከተተከለ እንጨት ጋር ይታሰርና ይጠበቃል። የላላው ሲባጎ ቀስ ብሎ መወጠር ሲጀምር አንዱ ሥጋውን እየጎተተ ነው። ያኔ በሁለት ጣት፣ ስንዝር በስንዝር፣ ሳይቸኩሉ መሳብ ነው። እንስሳው ስስታም ነው፤ የያዘውን ሥጋ አይለቅም። ብርሃን ሲያይ ግን ጭራውን አጥፎ ወደ ኋላው ይፈተለካል፤ ስለዚህ መረቡ ቀድሞ ከሥሩ መግባት አለበት። ሦስቱ አመለጡኝ። አራተኛው ጭቃ እያንጠባጠበ፣ ሰማያዊ በመታው አረንጓዴ ቀለሙ፣ ሁለት መቆንጠጫ ወደ ፊቴ ቀስሮ ወጣ።

«ጊንጥ!» ብዬ መረቡን ጣልኩት።

«ያቢ» አሉ ሽማግሌው፣ ጎንበስ ብለው በጀርባው እያነሱት።

ጊንጥ ያልኩት ሌላ ስም ስለሌለኝ ነው። ሸርጣን እንዳልለው ሸርጣን ጭራውን እንዲህ አይዘረጋም። አማርኛም አይፈረድበትም፤ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ የዚህ ዘር አገር በቀል የለም፣ ማዳጋስካር ላይ እንጂ። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ የሚገኘው ከአሜሪካ የመጣ ዘመዱ ሲሆን፣ እዚያ የገባው በ1970 ነው። ያላዩትን ማን ይሰይማል?

እንግሊዞቹ አይተውትም በቅጡ አልሰየሙት። ክሬይፊሽ የሚሉት ቃል ከድሮ ፈረንሳይኛ ክሬቪስ የመጣ ነው። «ቪስ» የምትለዋ መጨረሻ ለእንግሊዝ ጆሮ «ፊሽ» መሰለችው፤ እግርና መቆንጠጫ ያለው ፍጡር በመስማት ስህተት ብቻ ዓሣ ሆኖ ቀረ።

ያቢ ግን የአገሩ ስም ነው። የተወሰደው ስዋን ሂል አካባቢ ከኖሩት የዌምባ ዌምባ ሕዝቦች ቋንቋ ነው፤ እነሱ ያቢጅ ይሉታል። ዌምባ ማለት ደግሞ «አይ» ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ቋንቋ የሚጠራው «አይ» በሚልበት ቃል ነው፤ የጎረቤቶቻቸው የዮርታ ዮርታዎች ስምም እንደዚያው ነው። በዚህ ሥርዓት እኛ «እምቢ እምቢዎች» በተባልን ነበር፤ ብዙም ባልተሳሳቱ። ሙኒክ የተወለደችው የቋንቋ ሊቅ ሉዊዝ ሄርከስ በ1960ዎቹ ቴፕ ይዛ የመጨረሻዎቹን ተናጋሪዎች ባትፈልግ ኖሮ ከቋንቋው ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር። ባለቤቶቹን ከመሬታቸው ያፈናቀለ አገር ቃላቸውን ግን በየእርሻው ይጠራዋል። እኔ በበኩሌ ይህን ብድር አልለውም።

ሳይንስም የራሱን ስም አውጥቶለታል። በ1936 ኤለን ክላርክ የምትባል አውስትራሊያዊት ተመራማሪ ቼራክስ ዴስትራክተር አለችው፤ አጥፊው ማለት ነው። እንዴት እንደሚያጠፋ ሽማግሌው የኩሬያቸውን ግድብ አሳዩኝ፤ ጎኑ እንደ ወንፊት ተበስቷል። ድርቅ ሲመጣ እስከ ሁለት ሜትር ቆፍሮ ይገባና ዝናብ እስኪመጣ እዚያው ይጠብቃል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ከቁጣው ይልቅ አድናቆቱ ይበዛ ነበር።

መጋዘናቸው ውስጥ ኦፔራ ሃውስ የሚባለው መረብ ተሰቅሏል። ቅርጹ የሲድኒውን ሕንፃ ስለሚመስል ነው ስሙ። የገባበት ፕላቲፐስ ለመተንፈስ መውጫ አጥቶ ስለሚሰጥም፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል። አሁን ሽንኩርት ያሳድሩበታል።

እንቁላል ከጭራዋ ሥር ያዘለችውን መልሰን፣ የቀረውን በጨው ውኃ ቀቀልነው። ሰማያዊው ሁሉ ቀይ ሆነ። «አይ፣ አይ» ብዬ ነበር፤ ከዚያ ባልደረባዬ አንዱን ጭራ ልጦ ሰጠኝ፣ እኔም ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አወጣሁ። ስንት እንደበላሁ አልቆጠርኩም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ለእማዬ ደወልኩ።

«ምን በላህ ልጄ?»

«ዓሣ» አልኳት።

ዝም አለች። እሷ ዘንድ የነቢያት ጾም ነው። ለነገሩ እኔም ዘንድ ነው።

«ዓሣ እንኳ ግድ የለውም የሚሉ አሉ» አለች ቆይታ። «ለመሆኑ ቅርፊት አለው?»

«ቅርፊትማ! በጥርሴ ነው የሰበርኩት!»

«ክንፍስ?»

እዚያ አገር ኔትወርክ በጣም ደካማ ነው።