መሪው ወደ ግራ ይጎትታል

ርዕሱን አይታችሁ ወረቀቱን ደብተር ሥር የደበቃችሁ ጓደኞች ካላችሁ አውጡት፤ የምንጽፈው ስለ መኪና መሪ ነው። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣሊያን የተረፈ ነው፤ ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ቦኮላውም፣ ዳዶውም ከነስሙ የመጣ ነው። መሪን ግን አባቶቻችን በራሳቸው አፍ «መሪ» ብለው ሰየሙት። ስለዚህ በአገራችን ስለ መሪ ብልሽት የሚያወራ ሰው በመጀመሪያ ግራ ቀኙን ማየት አለበት። አይተናል። ማንም የለም፤ እንቀጥል።

«እኛ» ስንል የሦስት ወንድማማቾች ልጆች ማለታችን ነው። ሰባት ነን፤ ሁላችንም ያደግነው ገንዳ ውሃ፣ የድሮ ሰዎች ሸኸዲ በሚሏት ከተማ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አባቶቻችን የሁለት ክረምት ሰሊጥ ሸጠው፣ የጎደለውን ተበድረው፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ የመኪና ሻጭ ድርጅት ባለ ሁለት በር ፒክ አፕ ገዙ። ከነላስቲኳ፣ ኪሎ ሜትሯ ገና ሦስት አኃዝ ያልሞላ አዲስ መኪና! ቆላ ሰሊጥ የሚዘራ ሰው መኪና የሚገዛው ለክብር አይደለም። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ቆቡ ከተከፈተ እህሉ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ሠራተኛ፣ ውሃና ዱቄት በጊዜው እርሻው ላይ ካልደረሰ የዓመቱ ልፋት ለወፍ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ይታመማል። ወባ አለ፣ ካላዛር አለ፤ ከደጋ የመጣ ልጅ ሆዱ አብጦ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ሲለው ጎንደር ሆስፒታል መድረስ አለበት። መኪናዋ የተገዛችው ለዚህ ሁሉ ነበር።

ከአዲስ አበባ ስትመጣ ነው ነገሩ የታወቀው። ታላቁ አጎታችን ነበሩ የነዷት። ቤት ሲደርሱ እንኳን ደስ ያለዎት ብለን ስንከባቸው ቀኝ ትከሻቸውን እያሹ፣ «ይቺ ልጅ ወደ ግራ ትሄዳለች» አሉ። እውነትም ከገንዳ ውሃ ወደ ኮኪት በሚወስደው አስፋልት ላይ መሪውን ላላ ሲያደርጉላት ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው፣ ወደ ግራ ትዞራለች። ሰባን ስታልፍ ደግሞ መሪው በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ግራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይታሰብልን። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። መኪናዋ ወደ ቀኝ ብትጎትት ማሽላ ውስጥ ትገባለች፤ ማሽላ ይተርፋል፣ ሰውም ይተርፋል። ወደ ግራ ስትጎትት ግን የምትገባው ከፊት ለፊት በሚከንፈው አይሱዙ ሥር ነው፤ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለትን ማለታችን ነው። (ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን ሱዳን ግን እስከ 1965 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ነበር። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ያህል በመተማና በጋላባት መካከል ወሰኑን የተሻገረ ሹፌር ሁሉ ጎኑን መቀየር ነበረበት። የእኛዋ መኪና ያኔ ብትኖር ኖሮ ወሰኑን ያለ ሹፌርም ትሻገር ነበር።)

ዋስትናው የሁለት ዓመት ነው። ውሉ ላይ ግን አንዲት መስመር አለች፦ ከድርጅቱ ጋራዥ ውጭ እጅ የነካው መኪና ዋስትና የለውም። ባሕር ዳር ያለው ወኪላቸው ዘይት ይቀይራል እንጂ መሪ አይነካም። ስለዚህ መሪዋ የታመመ መኪና መሪዋን ለማሳየት ከመተማ ቆላ አዲስ አበባ፣ 900 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በዚያው በታመመ መሪ መሄድ አለባት። አንድ እግሩ የተሰበረ ሰው ወጌሻው ዘንድ በእግሩ ይምጣ እንደማለት ነው።

ሦስት ጊዜ ሄዱ። የመጀመሪያው ሰኔ 2014 ነው። አጎታችን የአባይን በረሃ ከደጀን ቁልቁል ሲወርዱ መሪውን በሁለት እጃቸው ወደ ቀኝ ጠምዝዘው ይዘው ነበር። ገደሉ ባንድ በኩል፣ የጭነት መኪናው በሌላ በኩል። አብሯቸው የነበረው የመሐሉ ወንድማችን እስከ ጎሃ ጽዮን አንድ ቃል እንዳልተናገሩ ይነግረናል፤ አጎታችን ደግሞ ዝም ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ክራቫት ያሰረ ልጅ ፎርም እየሞላ ጠየቃቸው።

«ከየት ነው የመጡት ፋዘር?»

«ከመተማ።»

«መተማ የት ጋ ነው?»

«ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት።»

«እሱማ እሺ ፋዘር፣ ማለቴ ክልሉ?»

በሁለተኛው ቀን «አላይመንት ተሠርቷል» የሚል ወረቀት ሰጧቸው። ገና ሱሉልታ ሳይደርሱ ወደ ግራ ጎተተች።

ሁለተኛው ጥር 2015፣ ከሰሊጡ በኋላ ነው። አሁንም አላይመንት። «መንገዳችሁ ነው የሚያበላሻት» አሏቸው። ሦስተኛው ሰኔ 2015፦ መኪናዋ ሃያ ሦስት ቀን ጋራዥ ተቀመጠች፤ አጎታችን መርካቶ አካባቢ አልጋ ይዘው ሃያ ሦስት ቀን በእግራቸው ተመላለሱ። መጨረሻ ላይ አለቃው ወጥቶ ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ ልኩ ፋብሪካው ከሚፈቅደው አይወጣም። ሁለተኛ፣ ምናልባት የሹፌሩ የእጅ ልማድ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ትራክተርና መኪና የነዳ ሰው እጅ!

ይህቺን ሁለተኛዋን ነገር እዚህ ግቢ ለጓደኞቻችን ስንነግራቸው አንዱ የራልፍ ኔደርን ስም አነሳልን። አሜሪካዊው ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የከሰሰው ይህንኑ ነበር፤ የመኪና ፋብሪካዎች የሥራቸውን ጉድለት ትተው ጥፋቱን ሁሉ በሹፌሩ ላይ ይለጥፋሉ አለ። በዓመቱ አሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አወጣች። የሕግ ተማሪው ጓደኛችን ደግሞ የእኛም ሕግ ደሃ አይደለም ብሎ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አመጣ፤ ቁጥር 2287 ላይ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ተጽፏል። በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። መልሱ አንድ መስመር ሆነ፦ «በሚመቻችሁ ጊዜ መኪናውን አምጡት።»

ይህ መልስ ሲደርሰን ነሐሴ 2015 አልፏል። ክልሉ ውስጥ ውጊያ ነበር፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሳምንት ዝግ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የጎንደር መተማ መንገድ ላይ ሰው ይታገት እንደነበር ቆለኛ ሁሉ ያውቃል። እናቶቻችን መኪናዋ ላይ መውጣት ተዉ። በዚያ ዓመት ኅዳር አንድ የሠራተኛ ልጅ በካላዛር ወድቆ አጎታችን ወደ ጎንደር ሲወስዱት ከአርባ በላይ መንዳት አልቻሉም። ነጋዴ ባሕርን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ልጁ ኋላ ተኝቶ፣ «አባባ፣ አይደርስም እንዴ?» ይል ነበር አሉ። ደረሰ፤ ድኗልም። አጎታችን ግን ያችን መንገድ ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይቀንሳል።

ገንዳ ውሃ አንድ መካኒክ አለን። ሞያውን ገዳሪፍ ተምሮ የመጣ ነው፤ ሰፈሩ ሱዳኖች ባለሞያን እንደሚጠሩት «ኡስታ» ይለዋል። ገና በ2014 ክረምት መኪናዋን ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ምንም ሳይፈታ፣ የግራውን የፊት ጎማ ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አቀያየረ። አሁንም ግራ። «ጎማ አይደለም» አለ። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ገመድ ወጥሮ ለካ። «አላይመንትም አይደለም። አላይመንት የጎማዎቹን አፍንጫ ያስተካክላል እንጂ ይህን አያመጣም። የፊት አክስሉ በግራ በኩል ወደፊት ዘንበል ብሏል፤ የያዘው ቦኮላ ነው ጠማማው። ልፍታው?» አባታችን ውሉን አወጡ። ኡስታ አላነበበውም፤ እጁን በጨርቅ ጠረገና ሄደ።

እንግዲህ ምን እንበል? በሽታውን የሚያውቀው ሰው እንዳይነካ ተከለከለ፤ እንዲነካ የተፈቀደለት ሰው ደግሞ በሽታ የለም አለ። በዚህ መካከል ሁለት ዓመት አለፈ።

ዋስትናው ሚያዝያ 2016 ላይ አንድ ማክሰኞ ቀን ሞተ። ረቡዕ ማለዳ አባታችን ወደ ኡስታ ልጅ ሊልኩ ሲሉ ኡስታ ከነክሪኩ በር ላይ ቆሟል፤ ቀኑን እሱም ይቆጥር ኖሯል። ቦኮላውን አወጣ፤ ቀዳዳው ከመሐሉ ሸሽቶ የተበሳ ነበር፣ በዓይን የሚታይ። ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ አስቀረጸ። እስከ ምሳ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ በኮኪት መንገድ ሰባታችንም ኋላ ተጭነን ሄድን። አጎታችን ነዱ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ጥቂት ቆየችና ወደ ቀኝ፣ ወደ ማሽላው፣ ማዘንበል ጀመረች። ኡስታ ከጎናቸው ተቀምጦ ነበር።

«አባባ፣ መሪውን ይልቀቁት» አላቸው።

«ለቅቄዋለሁ» አሉ። አልለቀቁትም ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ጅማቱ ተገትሮ እንደጠመዘዘው ነው።